አንድ ሙዝ፣ ሁለት ሳምንት

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የማጫውታችሁ ስለ ሌላ ሰው ልጅ ነው። ሳል ስለያዘው፣ ምግብ እምቢ ስላለው፣ ሌሊት ስለሚባንነው የጎረቤት ልጅ፣ ወይም በሥራ ዘመኔ ስላየሁት ሕፃን። ዛሬ ግን ስለ ራሴ ጥፋት ልጽፍላችሁ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ነጭ ጋወን ለብሼ ሌላውን ስመክር የኖርኩ ሴት፣ በአንድ ሙዝ የተነሳ የገዛ የልጅ ልጄን ለአደጋ ያጋለጥኩበትን ቀን አጫውታችኋለሁ። ከውጭ አገር ልጅና የልጅ ልጅ የምትጠብቁ፣ ወይም ሕፃናት ይዛችሁ ረጅም መንገድ ለመውጣት የምታስቡ ሁሉ እስከ መጨረሻው ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል።

ሴት ልጄና ባለቤቷ የሚኖሩት አሜሪካ ነው። ሁለት ልጆች አሏቸው። ትልቋ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ትንሹ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ። ስማቸውን ጋዜጣ ላይ ማውጣት ስላልፈለግሁ፣ እቤት በምጠራቸው ስም ሚጣና ማሙሽ እያልኩ ልቀጥል። ልጄና አማቼ ከየሥራቸው ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስደው፣ ቤታቸውን አከራይተው፣ «ልጆቹ አገራቸውን በእግራቸው ረግጠው ይወቁ» ብለው ከኅዳር እስከ የካቲት ለአራት ወር መጡ። መቼም የኔን ደስታ አትጠይቁኝ።

መጀመሪያ አዲስ አበባ ዘመድ ሲጠይቁ ከረሙ። ከዚያ ድሬዳዋና ሐረር ደርሰው፣ ጅብ በሰው እጅ ሲጎርስ አይተው ተመለሱ። ገናንና ጥምቀትን እኔ ዘንድ አሳለፉ። ከጥምቀት በኋላ የአማቼን ወንድም መኪና ተውሰው ወደ ደቡብ ለመውረድ ተነሱ፤ ባቱ፣ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ፣ ከዚያ አርባ ምንጭ። እኔንም ካልሄድሽ አሉኝ። «እማዬ፣ አንቺ ካለሽ እኮ ሐኪም ይዘን እንደ መሄድ ነው» አለችኝ ልጄ። እኔም ኮራ ብዬ ሻንጣዬን አዘጋጀሁ። ኦአርኤስ፣ የሙቀት መለኪያ፣ አጎበር፣ የቁስል መጥረጊያ፣ ሁሉንም በየኪሱ ከተትኩ። ለማንኛውም በሽታ ተዘጋጅቻለሁ ብዬ ነበር። ለራሴ ሞኝነት ግን ምንም አልያዝኩም።

ሐዋሳ ስንደርስ ልጆቹ ከቤታቸው ከወጡ ሁለት ወር አልፏቸዋል። የደከመ ሕፃን «ደክሞኛል» ብሎ አይነግራችሁም፤ በሌላ ቋንቋ ነው የሚናገረው። ሚጣ ጥፍሯን መብላት ጀምራ ነበር። ማሙሽ ደግሞ ሌሊት መሽናት ካቆመ ወዲህ ዓመት ሊሞላው ሲል እንደገና አልጋ ማርጠብ ጀመረ። አዲስ ቦታ ባረፍን ቁጥር አልጋው ላይ ተቀምጦ «ይሄ የማን ቤት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሆቴል ነው እንለዋለን። «የማን ሆቴል?» ይላል። እኛ እንስቃለን። ነርሷ አያትም አብራ ትስቃለች። ሌላ እናት ይህንኑ ነግራኝ ቢሆን ኖሮ «ልጁ ማረፊያ አጥቷል፣ ትንሽ አርጉት» ብዬ በአንድ ደቂቃ እመክራት ነበር። የራስ ሲሆን ዓይን ይጋረዳል።

አማቼ የምህንድስና ሰው ነው፤ ነገር ሁሉ በሰዓትና በመስመር እንዲሆንለት ይወዳል። የሐዋሳውን ቀን ማታውኑ በወረቀት አሰፈረው። ጠዋት በ1 ሰዓት አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ፣ በ3 ሰዓት በጀልባ ጉማሬ ማየት፣ በ5 ሰዓት ታቦር ተራራ መውጣት፣ ምሳ፣ ከሰዓት በኋላ ወንዶ ገነት ፍል ውኃ፣ ማታ ሐይቅ ዳር እራት። በማግስቱ ደግሞ ወደ አርባ ምንጭ። ወረቀቱን ሳየው ለአንድ ወጣት እንኳ የሚያደክም ነው። ግን ምን ብዬ ልናገር? የአማች ዕቅድ ነው፤ ደግሞም «አሮጊቷ ጎተተችን» እንዳልባል ፈራሁ። «ጥሩ ነው ልጄ» አልኩ።

ጠዋቱ ያማረ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ዓሣ አጥማጆቹ በእንጨት ጀልባቸው መረባቸውን ይዘው ዳር ሲደርሱ ፀሐይዋ ገና ሐይቁን ማሞቅ እየጀመረች ነው። ልጆችና ጎልማሶች ተደርድረው ዓሣ ይልጣሉ፣ ይበልታሉ፤ እጃቸው ከመፍጠኑ የተነሳ ቢላዋው አይታይም። ቆሮሶው አንድ ወገን፣ ሪዛሙ አምባዛ ሌላ ወገን። አባ ኮዳዎቹ ደግሞ እንደ ሽማግሌ ከበው ቆመው፣ የሚጣለውን አንጀት በትዕግሥት ይጠብቃሉ። አንዱ አባ ኮዳ ማሙሽን በቁመት ይበልጠዋል። ልጁ በአባቱ እግር ተጠግቶ ሲያየው ቆየና «አያቴ፣ ይሄ ሰውዬ ለምን አይናገርም?» አለኝ። በሳቅ ሞትን።

ትልልቆቹ ጥሬ ዓሣ በዳጣ ሲበሉ አማቼም ቀመሰ። ለልጆቹ ግን ከለከልኩ። ጥሬ ዓሣ ጥገኛ ትላትል ሊኖርበት ይችላል፤ የሕፃን ሆድ ደግሞ መሞከሪያ አይደለም። ለእነሱ ከድስት የሚንፈቀፈቅ የዓሣ ሾርባ፣ አጥንቱን በጣቴ እየፈለግሁ ሰጠኋቸው። እዚህ ድረስ ሥራዬን በሚገባ ሠርቻለሁ።

ጀልባው ላይ መዘግየት ተጀመረ። መጀመሪያ የቀረበልን ጀልባ ላይፍ ጃኬቱ የትልቅ ሰው ብቻ ነበር። ለማሙሽ ብናለብሰው ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ጃኬቱ ይንሳፈፋል፣ ልጁ ሾልኮ ይሰጥማል። «ለልጅ የሚሆን ከሌለ አንሳፈርም» አልኩ። ለልጅ የሚሆን ያለው ሌላ ጀልባ እስኪገኝ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ቆየን። አማቼ ሰዓቱን ያያል፣ ወረቀቱን ያያል። በመጨረሻ ተሳፍረን ሄድን፣ ጉማሬዎቹንም ከሩቅ አየን፤ ጆሯቸውንና አፍንጫቸውን ብቻ። ማሙሽ ግን ከጉማሬው ይልቅ እንቅልፉ በለጠበትና እናቱ ጭን ላይ ጭልጥ አለ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ዳር ደረስን። ቀሰቀስነው። ከዚህ በኋላ የመጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ካልጠገበው እንቅልፍ ነው እላለሁ።

ልጁ አለቀሰ። እሱ ሲያለቅስ ሚጣ ተነጫነጨች። ፀሐዩ ከረረ። አማቼ «ታቦር ሳይሞቅ እንውጣ» ይላል፣ ልጄ «ትንሽ ጥላ ሥር እንቀመጥ» ትላለች። ድምፃቸው እየከረረ ሲሄድ፣ እኔ ማስታረቅ የለመድኩ ሰው ነኝና ልጁን ዝም ላሰኘው አስቤ ከአንዲት ልጅ አራት ሙዝ ገዛሁ። አሞራ ገደልን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ዛፉ ላይ ጉሬዛው፣ መሬት ላይ ጦጣው ከሰው ጋር ተላምዶ ይኖራል። ሰው ሁሉ ይመግባቸዋል፣ ፎቶ ይነሳል። እኔም ግማሽ ሙዝ ልጬ በማሙሽ እጅ አስያዝኩና «እንካ፣ አንተ ስጠው» አልኩት።

ጦጣው መጣ። ልጁ ለቅሶውን ረስቶ ፈገግ አለ። አባቱ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። ጦጣው እጁን ሲዘረጋ ማሙሽ፣ እንደ ማንኛውም የሦስት ዓመት ልጅ፣ በመጨረሻዋ ሰዓት ሐሳቡን ቀየረ። ሙዙን ጨብጦ ያዘው። ጦጣው ሳበው፣ ልጁ ሳበ፣ ጦጣው ነጥቆት ዛፍ ላይ ወጣ። ሁሉም ሳቁ። ማሙሽ ደንግጦ ወደ እኔ ዞረና እጁን አሳየኝ። በእጁ ጀርባ ላይ እንደ ክር የቀጠነች ቀይ መስመር አለች። ደም የለም። የጥፍር ጭረት ናት።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ እውነቱን ልንገራችሁ። በዚያች ቅጽበት ዝም ለማለት አስቤያለሁ። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ደም አልወጣም። ጦጣው ጤነኛ ይመስላል። የበሽታው ዋና አስተላላፊ ውሻ እንደሆነ፣ በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚሞቱት ሰዎች መቶው ውስጥ ዘጠና ዘጠኙ ያህል ከውሻ እንደሚይዛቸው አውቃለሁ። «ቀኑን ላበላሸው? ሙዙን የሰጠሁት እኔ መሆኔ ይነሳ? አማቼ ምን ይለኛል?» እነዚህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ መጡብኝ። ሰው ዕውቀቱን ጥፋቱን ለመሸፈኛ ሲጠቀምበት እንዴት ቀላል እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

ያዳነኝ የድሮ ትዝታ ነው። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት፣ በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ሳለሁ፣ አንድ አባት ልጁን አዝሎ መጣ። ስምንት ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ውኃ ስንሰጠው ጉሮሮው ይታነቃል፣ ነፋስ ሲነካው ይርበተበታል። ምን ነክሶት እንደሆነ ስንጠይቅ ማንም አያስታውስም። በኋላ እናቱ «ከሁለት ወር በፊት ቡችላ ቧጨር አርጎት ነበር፣ ግን እኮ ትንሽ ነበር» አለች። ይህ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ልጁ ሦስት ቀን አልቆየም። «ግን እኮ ትንሽ ነበር» የሚለው የእናቲቱ ድምፅ ይኸው ይህን ሁሉ ዓመት ከጆሮዬ አልጠፋም።

«ልጆች፣ ቁሙ» አልኩ። «ቧጭሮታል። ሙዙን ያስያዝኩት እኔ ነኝ። አሁን ውኃና ሳሙና ፈልጉልኝ።»

ልጄ ፊቷ አመድ መሰለ። በአቅራቢያው ወዳለ ምግብ ቤት ገባንና የቧንቧ ውኃ ከፍተን፣ በሳሙና የልጁን እጅ ማጠብ ጀመርኩ። አሥራ አምስት ደቂቃ፣ በሰዓት ተቆጥሮ። አሥራ አምስት ደቂቃ ሲነገር አጭር ነው፤ የሚጮህ ሕፃን እጅ ይዞ ለቆመ ሰው ግን የዓመት ያህል ይረዝማል። አምስት ደቂቃ ሲሆን እናቱ «ይበቃል እማዬ» አለች። አይበቃም አልኩ። ሚጣ ነበረች የረዳችን። «ማሙሽዬ፣ እስከ መቶ አብረን እንቁጠር» ብላ በአማርኛ መቁጠር ጀመረች። ሠላሳ ላይ ትስታለች፣ ከአንድ ትጀምራለች። የዚያች ልጅ ቁጥር ነው ያቆመኝ።

አማቼ እስከዚያ አልተናገረም። መኪና ውስጥ ስንገባ ብቻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማማ፣ እርስዎ እኮ ነርስ ነዎት» አለኝ። ከዚህ የበለጠ ስድብ ተሰድቤ አላውቅም። የሚመለስ መልስም አልነበረኝም።

መጀመሪያ የሄድንበት ጤና ተቋም ክትባቱ አልነበረውም። ይህ የሚያስደንቅ አይደለም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሁሉም ቦታ አይገኝም። ነገር ግን የት እንዳለ ስልክ ደውለው አጣሩልንና ወደ ሌላ ላኩን። እዚያ ያገኘናት ጤና ባለሙያ የኔን የመጨረሻ ልጅ የምታህል ወጣት ናት። በደንብ ጠየቀችን፤ መቼ፣ በምን፣ ደም ወጥቷል ወይ፣ ታጥቧል ወይ፣ የልጁ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ተሟልቷል ወይ። ልጄ የክትባት ካርዱን ፎቶ ስልኳ ላይ ይዛ ነበርና ወዲያው አሳየች። «እንስሳውን ማን አስጠጋው?» ብላ ስትጠይቅ «እኔ ነኝ» አልኩ። ቀና ብላ አየችኝና ምንም ሳትል ጻፈች። ነርስ መሆኔን አልነገርኳትም።

እሷ ያስረዳችን እንዲህ ነው። ያልተቆረጠ ቆዳን እንስሳ ቢልሰው ወይም ቢነካው ታጥቦ ይተዋል። እንደ ማሙሽ ደም ያልወጣው ጭረት ከሆነ ክትባት ይሰጣል። ቆዳው ተበጥሶ ደም ከወጣ ግን ከክትባቱ ጋር ቁስሉ ላይ የሚወጋ ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባል መድኃኒት ይጨመራል። ክትባቱ ዛሬ ይጀመራል፤ ከዚያ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን። በእኔ ዘመን ከበግ አንጎል የሚሠራ ክትባት ነበር፤ ሰው በየቀኑ ሆዱ ላይ ሲወጋ ይሰነብት ነበር። አሁን በልጁ ክንድ ላይ አንዴ ጠቅ ብቻ ሆነ። የወጣቷ ነርስ እጅ ቀላል ነበር። እግዚአብሔር ይባርካት።

ማታ ሆቴል ስንገባ ግን ሌላው ፈተና ተጀመረ። ልጄ ሻንጣ መክተት ጀመረች። «ነገ አዲስ አበባ፣ ከነገ ወዲያ ወደ ቤታችን። በቃኝ» አለች። አራት ወር ታስቦበት፣ ገንዘብ ተቆጥቦበት የመጣ ጉዞ በአንድ ጭረት ሊያልቅ ነው። አማቼ መስኮቱ ጋ ቆሞ ዝም ብሏል። እኔ ተነሳሁና፣ ለልጅና ለአማች ያልለመድኩትን፣ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «አጥፍቻለሁ። ማወቅ ሲገባኝ ሳይሆን እያወቅኩ ነው ያጠፋሁት። አብሬያችሁ መሄዴ ካስፈራችሁ ነገ በአውቶቡስ እመለሳለሁ» አልኩ።

አማቼ ዞሮ አየኝ። «እማማ፣ እኔም እኮ ቪዲዮ እየቀረጽኩ ነበር» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። ልጄ ሻንጣው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እሷም «ከጀልባው ስንወርድ ይተኛ ብዬ ማስገደድ ነበረብኝ» አለች። ለካ ሦስታችንም የየራሳችንን ድርሻ ስንቆጥር ነበር የዋልነው። ዕቅዱ የበዛበት ወረቀት፣ የተቋረጠው እንቅልፍ፣ ሙዙ፣ ስልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ሆነ።

መንገዱን የቀየረልን የክትባቱ ቀጠሮ ነው። ሦስተኛው ቀን እስኪደርስ ሐዋሳ እንቆይ ተባለ። ከዚያ ሰባተኛው ቀን ቅርብ ነው ተባለ። እንዲህ እያልን ለሁለት ቀን የመጣንበት ከተማ ሁለት ሳምንት ተቀመጥን። ሆቴሉን ለቀን ትንሽ ግቢ ያላት፣ ማብሰያ ያላት ቤት ተከራየን። አርባ ምንጭ ቀረ።

አሁን የምነግራችሁ ለዚህ ዓምድ ዋናው ቁም ነገር ይመስለኛል። የልጆቹ እውነተኛ ጉዞ የተጀመረው የኛ ዕቅድ ከተሰረዘ በኋላ ነው። ጠዋት ጠዋት እያንዳንዱን ቀን አንድ ነገር ብቻ ማድረግ ጀመርን። አንድ ቀን ዓሣ ገበያ፣ ያውም ገዝቶ ለመመለስ። ዓሣ የሚልጡት ልጆች ሚጣን አወቋት፤ በአራተኛው ቀን ቆሮሶውንና አምባዛውን ለይታ በስሙ ትጠራ ጀመር። አንድ ቀን ልብስ ማጠብ፤ ማሙሽ የራሱን ካልሲ በሳፋ ረግጦ አጥቦ ገመድ ላይ ሰቀለ። ከቀትር በኋላ ሁሉም ሰው፣ አባትየውም ጭምር፣ ይተኛል። አመሻሽ ላይ የሰፈሩ ልጆች መጥተው ከሚጣ ጋር ሰኞ ማክሰኞ ይጫወታሉ። ከእኔ ሁለት ወር ያልተማረችውን አማርኛ ከእነሱ በሁለት ሳምንት ተማረች፤ አንዳንዱን ባትማረው ጥሩ ነበር። ታቦር ተራራንም አንድ ቀን በጠዋት ወጣነው። እየተቀመጥን፣ ድንጋይ እየሰበሰብን፣ ትንሹን እያዘልን ነው የደረስነው። ያን ቀን ሌላ ምንም አልሠራንም።

ሚጣ ጥፍሯን መብላት መቼ እንደተወች አላስተዋልኩም። የማሙሽን ግን ቀኑን አውቃለሁ። ቤት ከተከራየን በአምስተኛው ሌሊት አልጋው ደረቅ ሆኖ ነጋ። በሰባተኛው ቀን ሦስተኛውን ክትባት ተወግቶ ስንወጣ፣ የባጃጁ ሾፌር «ወዴት ነው እማማ?» ሲለኝ እኔ መልስ ሳልሰጥ ልጁ ከጭኔ ላይ «ወደ ቤታችን!» አለ። ከዚያ ወዲህ የማን ቤት ነው ብሎ ጠይቆ አያውቅም። በ14ኛው ቀን አራተኛውን ጨርሶ፣ በሰላም ወደ አዲስ አበባ ተመለስን።

ከዚህ ሁሉ ለእናንተ የሚጠቅመውን ሰብሰብ አድርጌ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ለሳምንት እረፍት የወጣ ልጅና ለወራት በመንገድ የሚኖር ልጅ አንድ አይደሉም። ለሳምንት የወጣው ልጅ ድካሙን ቤቱ ሲመለስ ያራግፋል። ለወራት የወጣው ቤቱ መንገዱ ነውና፣ መንገዱ ውስጥ ማረፊያ ይፈልጋል። ለአንድ ቀን አንድ ዋና ነገር ይበቃል፤ ከሁለትና ሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ምንም የማይደረግበት ቀን ይኑር። አንድ ቦታ ረዘም አድርጎ መቀመጥ ሦስት ቦታ ከማየት ይሻላል። የቀን እንቅልፍ የሚተኛ ልጅ ካላችሁ ዕቅዱን በእንቅልፉ ዙሪያ አውጡት።

ሁለተኛ፣ የዱር እንስሳ በልጅ እጅ አይመገብ። ጦጣም፣ ዝንጀሮም፣ የማይታወቅ ውሻና ድመትም። የተላመደ የሚመስለው ይብሳል፤ ምግብ ከእጅ መንጠቅ ለምዷልና። ልጆቻችሁንም «ቢቧጭርህ፣ ቢልስህ፣ ቢነክስህ ንገረኝ፤ አልቆጣህም» ብላችሁ አስተምሩ። በዓለም ላይ ለእብድ ውሻ በሽታ ከሚጠረጠር እንስሳ ንክሻ ከሚደርስባቸው ሰዎች አርባ በመቶ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ብዙዎቹ ቁጣ ፈርተው ይደብቃሉ።

ሦስተኛ፣ ንክሻ ወይም ጭረት ከደረሰ ወዲያው በሚፈስ ውኃና በሳሙና አሥራ አምስት ደቂቃ እጠቡ። ካለ የቁስል መጥረጊያ አድርጉበት። በጥብቅ አትሸፍኑት፣ ቅጠልም ሌላም አትጨምሩበት። በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፤ ክትባቱ ከሌላቸው የት እንዳለ አስጠይቁ። ፀበልም ሆነ የባሕል መድኃኒት የሚፈልግ ይፈልግ፣ ግን ክትባቱን አያስቀርበት። የተጀመረ ክትባት ደግሞ ቀኑ ሳይዛነፍ ይጨረስ፤ ለዚህ ሲባል መንገድ ቢቀየር አይቆጭም።

አራተኛ፣ የስምጥ ሸለቆን ሐይቆች ስትጎበኙ ልጆችን ዳር ላይ ውኃ ውስጥ ከማንቦጫረቃችሁ በፊት ጠይቁ። የቢልሃርዝያ ጥገኛ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ፣ ወደ ውኃው ወጥቶ፣ በጤነኛ ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ሐዋሳ ሐይቅም የሚታወቅበት ነው። ወባም በቆላና በወይና ደጋው አለና ማታ አጎበር አይለይ። ወደ ውጭ አገር የሚመለሱ ልጆቻችሁ ደግሞ፣ ከተመለሱ ሳምንታትም ወራትም በኋላ ቢሆን ሕፃኑ ካተኮሰው፣ ለሐኪሙ መጀመሪያ «ወባ ያለበት አገር ቆይተናል» ይበሉ። የዚያ አገር ሐኪም ካልነገሩት ላያስበው ይችላል።

አምስተኛ፣ በቦርሳችሁ ሳሙና አይጥፋ። ኦአርኤስ ስትበጠብጡ አንዱ ከረጢት ስንት ውኃ እንደሚፈልግ አንብቡ፤ እዚህ በብዛት የምናገኘው ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው፣ በብርጭቆ ግማሽ ግማሹን ማድረግ ልክ አይደለም። የክትባት ካርድ ፎቶ በእናትም በአባትም ስልክ ይኑር።

የመጨረሻው ለእኔ ቢጤዎች፣ ለአያቶች ነው። የልጅ ልጅ ሲያለቅስ አንጀታችን አይችልም፤ ዝም ለማሰኘት የማናደርገው የለም። ከረሜላውም፣ ሙዙም የሚመጣው ከዚያ ነው። ማሙሽ ያን ዕለት የፈለገው ጥላ ሥር ጋቢዬን አንጥፌ፣ ጎኑ ተኝቼ፣ አንድ ሰዓት እንዲተኛ ማድረግ ብቻ ነበር። ዕቅዱ ሲበዛም አይቼ ዝም አልኩ። ጎተተችን እንዳይሉኝ ፈርቼ። እናንተ አትፍሩ፤ ጎትቷቸው። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ የሚሄደው በከንቱ አይደለም።

ልጆቹ በየካቲት መጨረሻ ወደ አሜሪካ ተመለሱ። ባለፈው እሑድ ስልክ ስንነጋገር ማሙሽ እጁን ስልኩ ላይ አስጠግቶ «አያቴ፣ ጦጣው የቧጨረኝ ጠፋ» አለኝ። በእውነትም ምንም አይታይም። «ሐዋሳ ቤታችን ግን መቼ ነው የምንሄደው?» ብሎ ጨመረ። ለአባቱ ስልኩን እንዲሰጥልኝ ነገርኩት። አማቼም እየሳቀ «እማማ፣ በሚቀጥለው ወረቀቱን እርስዎ ይጽፉታል» አለኝ። እኔም እሺ ብያለሁ። አንድ መስመር ብቻ ነው የምጽፍበት።